ያልመታሁት ድራም

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ብዙ ቅባት ተቀብቷል። አንዱ ቅናት ነው ይላል። ሌላው ማሽን ጠልታ ነው ይላል። አንድ ጋዜጠኛ ደግሞ ይባስ ብሎ በክላይቭ ፍቅር ተቃጥላ ነው ብሎ ጻፈ። በክላይቭ! ክላይቭ ዳንግዎርዝን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ንፍጡን በእጅጌው ሲጠርግ ያየሁትን ልጅ ምን ቆርጦኝ አፈቅረዋለሁ?

ሎሬን ስታኒፎርዝ እባላለሁ፣ ቢላና ሹካ የሚሠራባት የሼፊልድ ከተማ ልጅ ነኝ። ቲን ፓሬድ የሚባለው ባንድ ውስጥ አምስት ዓመት ድራም መትቻለሁ። ክላይቭ ይዘፍናል፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሄጎቹ፣ ኪቦርድና ቤዝ ይጫወታሉ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እቀጠቅጣለሁ። ጋዜጦቹ ሙዚቃችንን «ኒው ዌቭ»፣ አዲስ ማዕበል፣ አሉት። እኛ ግን ድሮ የቢላ እጀታ ይሠራበት በነበረ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብርዱ እንዳይገድለን የምንጫወት አራት ሰዎች ነበርን። ከዚያ አንድ ዘፈናችን በሬዲዮ ወጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሳናስበው ሰው ያውቀን ጀመር።

የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነበር። ክላይቭ ወሬውን የነገረኝ ዓሣና ቺፕስ ቤት ወረፋ ይዘን ነው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ግን እንዳትጮኺ» አለኝ።

«እንዲህ ብሎ በሚጀምር ሰው ላይ መጮህ ግዴታ ነው። ቀጥል።»

«ፔሊንግ ደውሎ ነበር።» ሂዩጎ ፔሊንግ ሸክላችንን የሚያሳትመው የለንደን ኩባንያ ሰው ነው። «ስድስት ዘፈኖቻችንን ለጭፈራ አስረዝሞ በአንድ ሸክላ ሊያወጣቸው ነው። ሪሚክስ። እያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ለጭፈራ ቤት አይበቃም፣ ሰዉ ገና ሲሞቀው ያልቃል አለኝ።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ! ይሄ ምኑ ያስጮኻል?»

ተራችን ደርሶ ነበር፤ ክላይቭ ቺፕሱን ተቀብሎ ኮምጣጤ ያርከፈክፍበት ጀመር። ጨረሰ። እንደገና አርከፈከፈ። ጥርጣሬ የገባኝ ያኔ ነው።

«ድራሙን ማሽን ነው የሚመታው» አለኝ።

«የትኛው ዘፈን ላይ?»

«ስድስቱም ላይ።»

አልጮህም ብዬ ቃል አልገባሁም ነበር። ጮህኩ። ባለቤቷ ሴትዮ ዓሣ ማውጫዋን እንደያዘች «ልጆች፣ እዚህ ሰው ይበላል!» እስክትለን ድረስ ጮህኩ። ክላይቭ ቺፕሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ እየጎተተ አወጣኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ይሆናል፤ አንድ ሸክላ ነው፣ ምን አንጨረጨራት ይል ይሆናል። ግን አስቡት። ክላይቭ ድምፅ አለው፣ መልክም አለው። ሄጎቹ ዜማ ይፈጥራሉ። እኔ መምታት ብቻ ነው ያለኝ። እሱን ከወሰዱብኝ ምን እቀራለሁ? ከኋላ የተቀመጠች ልጅ። ታናሹ ሄግ ደግሞ፣ አፉን መያዝ አያውቅም፣ በማግስቱ ልምምድ ላይ «አይዞሽ ሎሬን፣ አንቺም ሶኬት ላይ ብትሰኪ ትመቺ ይሆናል» አለኝ። የድራም መምቻ ዱላዬን ወረወርኩበት፤ ጆሮውን ስቶ ግድግዳው ላይ አረፈ። መሳቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሳምንቱ ከክላይቭ ጋር ለንደን ወረድን። ሪሚክሱን የሚሠራው ሎይድ የሚባል የበርሚንግሃም ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ፣ ሲናገር እንኳ የማይቸኩል ሰው። ልጠላው ቆርጬ ነበር የሄድኩት። እንኳን ልጠላው፣ ገና በሩን ከፍቶ «ሻይ በስንት ስኳር?» ሲለኝ ግማሹ ንዴቴ ከዳኝ። ሰው ባሰብነው ልክ ክፉ አለመሆኑ እንዴት ያናድዳል!

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከላይ እስከ ታች የቴፕ ክር ተሰቅሎበታል፤ ረጅም፣ አጭር፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ሁሉም በፕላስተር ተለጥፎ፣ ሥሩ በቢጫ እርሳስ ተጽፎበታል። «ክላይቭ ሲተነፍስ» ይላል አንዱ። «የቤዙ ጭራ» ይላል ሌላው። ሎይድ በምላጭ ይቆርጣቸዋል፣ መልሶ ይለጥፋቸዋል፤ አንዱን ዙር አራት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ ገልብጦ ያስከትለዋል። የሦስት ደቂቃውን ዘፈን እንዲህ እየቀጠለ ሰባት ያደርሰዋል። ልብስ ሰፊ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ፔሊንግም እዚያ ነበር፤ ነጭ ሱሪ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ።

«ሎሬን የኔ ቆንጆ! እንኳን መጣሽ!»

የኔ ቆንጆ ይለኛል። ሁልጊዜ። ክላይቭን «የኔ ቆንጆ» ሲለው ሰምቼ አላውቅም፤ ከሁለታችን ቆንጆው ክላይቭ መሆኑን ደግሞ አገር ያውቃል።

«አቶ ፔሊንግ፣ ለምንድነው የተወገድኩት? እርስዎ ይንገሩኝ» አልኩት። ያኔ ገና «እርስዎ» እለው ነበር።

«የተወገደ ሰው የለም፣ የኔ ቆንጆ። ለጭፈራ እንዲመች ብቻ ነው።»

«የኔ አይመችም?»

ፔሊንግ ወደ ሎይድ ዞረ። ሎይድ ጭንቅላቱን አከከ። «ቃል ከምጨምር ላሳይሽ» አለኝ። «ድራሙ እዚያ አለ። ሰባት ደቂቃ ሳታቋርጪ ምቺልኝ፤ እቀዳለሁ። ከዚያ አብረን እናያለን።»

ከዚህ የበለጠ ምን ልጠይቅ? ጃኬቴን አውልቄ ተቀመጥኩ። ዘፈኑን በልቤ እያዜምኩ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መትቼ አላውቅም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጀርባዬ በላብ ራሰ፣ አምስተኛው ላይ መዳፌ ተላጠ፣ ስድስተኛው ላይ ክላይቭ ከመስታወቱ ወዲያ እየዘለለ ነበር። ስጨርስ «በሉ አሁን አስወግዱኝ!» ብዬ በኩራት ወጣሁ።

ሎይድ ግን እንደ ክላይቭ አልዘለለም። ከቀዳው ቴፕ መጀመሪያ ላይ አንድ ዙር ድራም በምላጭ ቆረጠ፤ ክንድ ተኩል ያህል ክር ወጣ። ከመጨረሻው ላይም ያንኑ አንድ ዙር ቆረጠ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው፣ ጫፋቸውን አስተካከለና «እዪው» አለኝ።

የመጨረሻው በሁለት ጣት አጥሯል። ያው አራት ምት፣ ያው እጅ፣ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ጎድሏል። እየመታሁ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።

«እኔ የምፈጥነው ዘፈኑ ሲግል ነው» አልኩ። «ክላይቭም ይፈጥናል። ሰዉም ይፈጥናል።»

«አውቃለሁ» አለ ሎይድ። «ሰው ነሻ። መድረክ ላይ መድኃኒት ነው፣ አንድም ቀን እንዳትተዪው። ለኔ ምላጭ ግን አይሆንም። ይሄንን ከዚያ ጋር ስቀጥለው የሚጨፍረው ሰው ይደናቀፋል።»

ክሮቹን አንስቼ ለካሁ። ገልብጬ ለካሁ። ምን ይደረግ፣ ክር አይዋሽ። ከዚያ ሎይድ በማሽኑ የሠራውን አሰማኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ እንከን ልፈልግበት ተዘጋጅቼ ሰማሁት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቁልቁል ሳይ እግሬ እየመታ ነው! የገዛ እግሬ ከዳኝ። ጥሩ ነበር። ደረቅ ነው፣ ደም የለውም፣ ግን ጥሩ ነበር፤ እውነቱን ካልተናገርኩ ይሄን ሁሉ መዘብዘቤ ምን ይረባል?

«እሺ» አልኩ። «ተሸንፌያለሁ። ማሽኑ ይምታ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ በዚህ ሸክላ ላይ ድራም መቺ ብላችሁ የኔን ስም እንዳታወጡ።»

ፔሊንግ ሳቀ። «እናስተካክለዋለን፣ የኔ ቆንጆ።»

«እናስተካክለዋለን» የሚለው ቃል በለንደን ቋንቋ «እንቢ» ማለት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ በአንድ ሐሙስ ቀን ከፔሊንግ ፖስታ ደረሰ። እቤት አልነበርኩም። የከፈተችው እናቴ ናት። ሸክላው ገና አልተሠራም፤ የመጣው ሽፋኑ ነው፣ ታትሞ ያለቀ፣ የሚያብረቀርቅ። ፊት ለፊቱ ላይ «ሌላ ሰባት ደቂቃ» ይላል፣ ከሥሩ ቲን ፓሬድ። ጀርባው ላይ አራታችን በፎቶ አለን። እኔ መሃል ነኝ፤ ሁለት ዱላ አጣምሬ፣ ቀይ ከንፈር ተቀብቼ። ከፎቶው ግርጌ በደማቁ «ድራም፦ ሎሬን ስታኒፎርዝ» ተብሎ ተጽፏል።

እናቴ ኤድና ማንኪያና ሹካ በሚወለወልባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቀይ ሻሽ ያስራሉ፣ ሰውነታቸውን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት በቡናማ ወረቀት ይጠቀልላሉ፤ ያም ሆኖ ማታ ሲወጡ ጥላሸት የመሰለው ዱቄት ቅንድባቸው ላይ ነው። እማዬ ሽፋኑን ይዛው ወደ ሥራ ሄደች። ከእጅ ወደ እጅ እንዳይቆሽሽ በመስኮት መጋረጃ ጠቅልላው! ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እየታጠቡ አዩት አሉ። አለቃው እንኳ መጥቶ «ይቺ ያንቺ ልጅ ናት?» ብሏታል።

ስገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስደግፋ አቁማዋለች። ፊቷ ያበራል። እማዬ በኔ ነገር ፊቷ ሲያበራ እምብዛም አላይም፤ ድራም ስጀምር «ወንድ እንኳ የማይረባበትን ሥራ» ብላኝ ነበር።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ስምሽን አንብቢልኝ» አለችኝ። ራሷ አንብባዋለች፤ ከኔ አፍ ልትሰማው ፈልጋ ነው።

ዝም ብል ኖሮ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር፤ አሁንም አስበዋለሁ። ማን ያውቅብኛል? ፔሊንግ አይናገር፣ ክላይቭ አይናገር፣ ማሽኑ አፍ የለው። በባንዱ ውስጥ እቀጥላለሁ፣ ስሜ በደማቁ ይኖራል፣ እናቴ ከሠላሳ አንድ ዓመት ጥላሸት በኋላ አንዴ ደረቷን ነፍታ ትሄዳለች። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው። ግን አፌ ቀደመኝ።

«እማ፣ እኔ አልመታሁትም።»

«ምኑን?»

«ድራሙን። እዚህ ሸክላ ላይ አንድም ቦታ የለሁበትም። ማሽን ነው።»

ሽፋኑን አየችው። እኔን አየችኝ። «ታዲያ ስምሽ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እነሱ ናቸው የጻፉት።»

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። አላለቀሰችም፣ ግን ዓይኗ ቀላ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልጅነቴ፣ በጨረፍታ የሰማሁትን ነገር ነገረችኝ። እኔ በሆዷ ሳለሁ፣ ሌላ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሣጥን በሣጥን ሹካ መጣ፤ ከባሕር ማዶ፣ ተሠርቶ ያለቀ። አለቃው ትንሽ ወልውሉና የሼፊልድ ማኅተም ምቱበት አላቸው። በኛ ከተማ ደግሞ የማኅተም ነገር ቀልድ አይደለም። በጓሮው ብቻውን የሚሠራ ምስኪን ቢላ ሠሪ እንኳ የራሱ ማኅተም አለው፤ የሌላ ሰው ብረት ላይ ከመታው ጎረቤቱ ሰላም አይለውም።

«አሥራ አራት ሴቶች ነበርን» አለች እማዬ። «ወረቀታችንን እንደለበስን ወደ በረዶው ወጣን። ሆዴ እስከዚህ ድረስ ነበር። አባትሽ አብደሻል አለኝ። ሹካው መጥፎ ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ ደህና ሹካ ነበር። የኛ ግን አልነበረም።»

ሽፋኑን ገልብጣ በጎን አስቀመጠችው። «ነገ ለሴቶቹ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለች። «የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ ለፔሊንግ ደወልኩ።

«አቶ ፔሊንግ፣ ስሜን አታውጡ ብዬ ነበር።»

«አይ ሎሬን! ስጦታ ነው እኮ! ስንት ልጃገረድ ላንቺ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ? ሴት ድራመር ያለው ባንድ ብለን ነው የምንሸጣችሁ። ሽፋኑ ሃያ ሺ ታትሟል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ብታውቂ ምን ይሆናል?»

ደሜ ፈላ። «ስማ አንተ!» አልኩት። ያን ቀን ነው «እርስዎ» የቀረው። «በሰው ወርቅ አልደምቅም! ያልመታሁትን መታች አትበልብኝ! ወይ ስሙን ሰርዝ፣ ወይ እኔ እሰርዘዋለሁ!»

«በምን ትሰርዥዋለሽ፣ የኔ ቆንጆ? በሃያ ሺ ላጲስ?» አለና ስቆ ዘጋው።

ያ ሳቅ እልህ አስያዘኝ። ሦስት ቀን ስንጨረጨር ከረምኩ። ክላይቭን ለመንኩት፤ «ሎሬን፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ፣ ለሄጎቹም አስቢ እንጂ» አለኝ። አልተጣላሁትም። ክላይቭ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰላም የሚወድ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ከክፉ የሚብሰው እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ሸክላው የሚቀረጽበት ቀጠሮ ደረሰ። በለንደን አንድ ምድር ቤት ውስጥ ቲድማርሽ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ እንደ ሐኪም። ቴፑን ወስዶ፣ ጥቁር ቅብ በተቀባ ሰሌዳ ላይ በሚሞቅ መርፌ መስመሩን ይቀርጻል። ዋናው ሸክላ እሱ ነው፤ ሃያ ሺው ሁሉ ከሱ ይባዛል። እሱ ላይ ያለ ጭረት ሁሉም ላይ አለ። በኛ ሙያ ታዲያ አንድ ልማድ አለ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን የሚዞርባት፣ ከመሃሉ ወረቀት አጠገብ ያለች ቀለበት አለች። ባንዱ እዚያች ላይ በሹል ብረት አንድ ነገር እንዲጭርባት ይፈቀድለታል፤ ቀልድ ይሁን፣ ሰላምታ ይሁን። ኩባንያ አያነባትም። ገዢው ግን ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ይፈልጋታል። በባንዳችን የምጭረው ሁሌም እኔ ነበርኩ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። ባለፈው ሸክላ ላይ «ለክላይቭ ማበጠሪያ ግዙለት» ብዬ ጽፌ ሠላሳ አምስት ማበጠሪያ በፖስታ መጥቶለታል።

ቲድማርሽ ሁለቱንም ገጽ ቀርጾ ጨረሰ። ክላይቭ ሻይ ሊያመጣ ወጥቷል። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ብረቱን አቀበለኝ፤ «በይ ልጄ፣ እጅሽን አታስደግፊ፣ ትንፋሽሽን ያዥ።»

ትንፋሼን ያዝኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ድራሙን ማሽን ነው የመታው» ብዬ ጫርኩ። በሁለተኛው ላይ «እኔ አልመታሁትም» ብዬ ጻፍኩና፣ ከጎኑ፣ ቀለበቷ እስከምትገጥም ድረስ፣ «ሎሬን ስታኒፎርዝ» አልኩ። ፊደሎቹ አላማሩም። ግን ይነበባሉ።

ቀና ስል ክላይቭ ሦስት ኩባያ ይዞ በትከሻዬ በኩል እያነበበ ነው።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ሎሬን፣ ምን ሠራሽ?»

«አነበብከው አይደል?»

«ይሄ ከወጣ አንቺም ትወጫለሽ። ፔሊንግ አንዲት ቀን አያሳድርሽም!»

«እኔ ከዚህ ሸክላ ላይ ከወጣሁ ቆየሁ። አልሰማህም እንዴ?»

ቲድማርሽ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ ማንበብ የሥራዬ አካል አይደለም» አለ። «እዚህ ወረቀት ላይ የባንዱ ሰው ይፈርምልኛል። ተበላሽቷል ካላችሁኝ አዲስ ሰሌዳ አወጣለሁ፣ አንድ ሰዓት ነው። ጥሩ ነው ካላችሁኝ አሁኑኑ ይሄዳል።» ወረቀቱንና እስክርቢቶውን ክላይቭ ፊት አኖረ። ውሉ ላይ የባንዱ ፈራሚ እሱ ነው።

ክላይቭ ሻዩን አስቀመጠ። እኔ አልለመንኩትም። ልለምነው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከዛሬ በኋላ አብረን መድረክ ላይ እንደማንወጣ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢፈርምም ባይፈርምም። ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው፣ እና ከዚያች ወረቀት ፊት ቆሞ ጆሮው እንደ ልጅነቱ ቀላ።

«እውነት በሁለት ጣት ነበር የፈጠንሽው?» አለኝ በመጨረሻ።

«በሁለት ጣት።»

«እኔ ግን ያን ቀን ስትመቺ፣ ስዘል፣ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። ጎንበስ ብሎ ፈረመ። ከዚያ ሻዩን ሳይጠጣ ወጥቶ ሄደ።

ሸክላው በመስከረም ወጣ። ተሸጠ፤ ጭፈራ ቤቱ ሁሉ ከፈተው፣ ሎይድ ይገባዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የሊድስ ልጅ መስኮት ሥር አዘንብላ አነበበችው፣ ለሙዚቃ ጋዜጣ ጻፈች፣ ጋዜጣው አወጣው። በነጋታው የእማዬ ቤት ስልክ ጮኸ። እማዬ አነሳች፣ ሰማች፣ «ያንቺ የለንደን ሰው ነው፤ እሳት ጎርሷል» ብላ አቀበለችኝ። አልሄደችም፤ እጇን አጣጥፋ አጠገቤ ቆመች።

«አብደሻል!» አለ ፔሊንግ። ዛሬ ቆንጆነቴን ረስቶታል። «በገዛ ሸክላሽ ላይ! ሃያ ሺ ሸክላ ላይ የገዛ ስምሽን አጠፋሽ! ከባንዱ ወጥተሻል፣ ይሄን እወቂ! ምን አተረፍሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አተረፍሽ?»

እማዬን አንዴ አየኋት።

«ስሜን አላጠፋሁም፣ ጻፍኩት እንጂ» አልኩት። «ያ ሸክላ ላይ በእጄ የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ጭረት ብቻ ነው። የኔ ነው፤ ስለዚህ ፈረምኩበት።»

ስልኩንም ዘጋሁበት።